አዳማ ላለች የታመመች ውሻ ከውጭ ሆኖ እርዳታ ስለ መጠየቅ

አዳማ፣ ሞጆ ወይም ባቱ ላይ ቤት የሠራ፣ አለዚያም ወላጆቹን እዚያ የሚጦር ዲያስፖራ ግቢውን የሚጠብቅ ውሻ አያጣም። ውሻዋ ስትታመም ከቤት የሚደወለው ስልክ አጭር ነው፤ ሆዷ አብጧል፣ እህል አትቀምስም፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ተብሏል፣ ብር ላክ። ልጆች ያሳደጓት፣ ሌሊት ሌባ ያባረረች ውሻ ናትና ሰሚው ልቡ ይሸበራል፤ ወይ ከኪሱ ይልካል ወይ ከወዳጅ ዘመድ ማሰባሰብ ይጀምራል። ችኮላው ቢገባም ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ያለቦታው ይውላል። በእነዚህ ከተሞች መጀመሪያ የሚታጣው ሕመሙን መርምሮ በወረቀት የሚያሰፍር፣ ካስፈለገም ሆድ ከፍቶ የሚሰፋ የውሻ ሐኪም ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍያ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እንግዲያው እርዳታ ሲጠየቅ መጀመሪያ ለምርመራና ለመጓጓዣ፣ የሐኪም ወረቀት ከተያዘ በኋላ ደግሞ ለቀዶ ሕክምናው ቢሆን ውሻዋም ትጠቀማለች፣ የሰጠውም ሰው አይቆጨውም።

ነገሩ የሚጀምረው የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ከቆመበት መሠረት ነው። ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የወረዳና የቀበሌ የእንስሳት ጤና ተቋማትም የተደራጁት ለበሬና ለላም፣ ለበግና ለፍየል ነው። አዳማ ላይ ውሻ የሚከትብ፣ የትል መድኃኒት የሚሰጥ፣ ቁስል የሚያጥብ ባለሙያ ይገኛል። አደንዝዞ፣ ራጅ አንሥቶ፣ ሆድ ቀድዶ ማከም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለአዳማ ሰው የሚቀርበው ቢሾፍቱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እዚያ ሲሆን፣ ዛሬ የኮሌጁ ማስተማሪያ ሆስፒታል ውሻም ያክማል። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔና አርሲ ነጌሌ ላሉት ደግሞ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ይቀርባቸዋል። የታመመ ውሻ በሚኒባስ ከሰው ጋር የሚጭን ሾፌር ማግኘት ከባድ ስለሆነ የኮንትራት መኪና መያዝ ግድ ይላል፤ የመኪናው ሒሳብ ከምርመራው ቢበልጥ አይደንግጡ። ጉዞው ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ይሁን፤ ሐኪሙ መኖሩም ቀድሞ በስልክ ይረጋገጥ።

የሐኪም ወረቀቱ የሚቀድመው ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ሕመሞች ሕክምናቸው ስለሚለያይ ነው። ያልመከነች ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ አልፎ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ውኃ ካበዛችና ሆዷ ካበጠ፣ ማህፀኗ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሳይዘገይ ማህፀኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የሚጠይቅ ነው። ይሁንና ያበጠ ሆድ እርግዝናም፣ ትልም፣ በጉበት ወይም በልብ ሕመም የተጠራቀመ ውኃም ሊሆን ይችላል። በብልት ላይ የሚወጣ፣ ደም የሚያንጠባጥብ፣ አበባ ጎመን የመሰለ እባጭም አለ። ከውሻ ወደ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ ካንሰር ሲሆን ልቅ ውሾች በሚበዙበት አገር ሁሉ የተለመደ ነው። ካንሰር ሲባል ሰው ሁሉ ቢላዋ ይታየዋል፤ ዋናው ሕክምናው ግን ቪንክሪስቲን የተባለ፣ በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ነው፤ አብዛኞቹም በጥቂት ሳምንታት ይድናሉ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ቡችላም ሕመሙ ፓርቮ ከሆነ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል እንጂ ቢላዋ አይደለም። በሌላ ወገን እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ትልቅ ውሻ ጨጓራው ተነፍቶ ከተጠማዘዘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ለእሱ የትኛውም መዋጮ አይደርስለትም። እዚያ የሚያድነው ቤት ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብና የታወቀ ሾፌር ብቻ ነው።

ከገንዘብ ወሬው ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲታይ ቤተሰቡ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ መልክ ይኸው ነው። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማትረፍ አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ክትባቱን የሚመለከት ይሁን። ውሻው ካልተከተበ ማንም እንዳይነካው፣ ለብቻው ተዘግቶ ሐኪም እንዲጠራ አጥብቀው ይንገሩ። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ገንዘቡ ከማን ይምጣ? ለንደን የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እዚያ የለመዳቸውን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፒዲኤስኤ ለምሳሌ አቅም ላነሳቸው ባለቤቶች እንስሳ ያክማል፤ ግን የእንግሊዝ ነዋሪነትንና ገቢን አይቶ ስለሆነ አዳማ አይደርስም። ቢሾፍቱ ላይ ለዓመታት የሠሩት ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹዋሪም ዓላማቸው አህያና የጋሪ ፈረስ ነው። እድር ለሰው ሐዘን እንጂ ለውሻ አልተቋቋመም። የሚቀረው ውሻዋን የሚያውቅ የራስ ሰው ነው፤ እህት ወንድም፣ በግቢው ያደጉ የአክስት ልጆች፣ ሌሊት በጩኸቷ የተጠቀመ ጎረቤት። እቁብ ያለው ደግሞ ተራ መለዋወጥን ቢጠይቅ ብድር ከመግባት ይሻለዋል። የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያው ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ የባንክ ሒሳብ ስለማይከፍል ዘመቻውን መክፈት ያለበት ውጭ የሚኖረው ሰው ነው፤ አሜሪካ ላይ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋው ምንዛሪውን ስለሚከተል፣ ቀን ያልተጻፈበት የዋጋ ግምት ይዘው ሰው አያስቸግሩ። ከሆስፒታሉ የወጣውን ወረቀት ለሰጪዎቹ ያሳዩ፤ ክፍያው ለሆስፒታሉ ይሁን፤ ደረሰኙ በቴሌግራም ይላክ። ዘመድን መጠራጠር የሚመስለው ካለ፣ ደረሰኝ ብሩን የተቀበለውን ዘመድ ከሐሜት የሚያድን መሆኑን ያስታውስ።

ሰው መታከሚያ አጥቶ ለውሻ ይዋጣል ወይ የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለኩላሊት ሕመምተኛ ገንዘብ በሚሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጉባኤ መካከል የውሻ ጉዳይ ይዞ መነሣት ነውር ነው፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ። ውሻዋን ከሚያውቋት መጠየቅ ግን የማንንም ታካሚ ድርሻ አይወስድም፤ መጀመሪያ የሚለመነው ለምርመራ ብቻ ሲሆን ደግሞ መጠኑም ያንሳል። ከሃይማኖት አንጻር ለሚከራከርም፣ ውሻን ቤት ማስገባት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ወገን ባይወደድ እንኳ፣ ለተጠማ ውሻ ውኃ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው የሚያወሳው ሐዲስ የታወቀ ነው። ሌላ ቡችላ ይምጣ የሚሉት ግን አንዳንዴ እውነት አላቸው። ያረጀች፣ ካንሰሩ ወደ ሳንባዋ የተዛመተ ውሻን መቅደድ ለላኪው ኅሊና ካልሆነ ለእሷ አይጠቅምም፤ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ መክፈልም እርዳታ ነው። አሜሪካ ወስጄ አሳክማታለሁ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለአጣዳፊ ሕመም አይሆንም። ከነሐሴ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የክትባት ሰነዱ የተሟላ መሆን አለበት። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባው የደም ምርመራ ካደረገ በኋላ ሦስት ወር ይጠብቃል። መግል የያዘ ማህፀን ሦስት ወር አይጠብቅም።

ምርመራው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ካለ ብር ከመላክ በፊት የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን ያስታምማታል? ስፌቱ እስኪፈታ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት ውሻዋ ቁስሏን እንዳትልስ መጠበቅ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መስጠት፣ ከአቧራና ከዝንብ መከለል፣ ለስፌቱ ማስፈቻም ቢሾፍቱ መመለስ አለ። ወላጆችዎ ሸምግለው ዘበኛውም ተመላላሽ ከሆነ ይህን የሚሠራ ሰው በስሙ ይታወቅ፤ የድካሙም ዋጋ ከሚጠየቀው ገንዘብ ውስጥ ይካተት። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ለቀዶ ሕክምና መዋጮ አይጠይቁ።