ከ«ፎርማት» በፊት

እትዬ ፍርድ ቤት አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ጠያቂው የመመረቂያ ጽሑፉን ፕሪንት ሊያስደርግ የመጣ የሰፈራቸው ልጅ ነው።

ልጅ፦ እትዬ፣ ፍላሼ ጉድ ሠራኝ። ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እንቢ ይላል።

እትዬ፦ ላፕቶፕህ ላይ ሰክተህ ነው የከፈትከው?

ልጅ፦ አዎ፣ ደጋግሜ።

እትዬ፦ እንግዲያው ላፕቶፕህም ተይዟል። ይሄ ቫይረስ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። በቦታው ስሙ አንድ ዓይነት የሆነ ሾርትከት ያስቀምጣል። አንተ ፎልደሬ ነው ብለህ ስትጫነው መጀመሪያ ራሱን ያስነሣል፣ ቀጥሎ እንዳትጠረጥረው ፎልደርህን ይከፍትልሃል። ከዚያ ወዲያ እዚያ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይበከላል።

ልጅ፦ ጓደኞቼ ፎርማት አድርገው አሉኝ።

እትዬ፦ ምን ሊሉህ ኖሯል! ኮምፒውተር ቀረፈፈ፣ ፎርማት። ድምፅ አልወጣም፣ ፎርማት። እኔን ከጠየቅከኝ፣ እዚህ ከተማ ቫይረስ ካጠፋው ይልቅ ፎርማት ያጠፋው ፋይል ይበልጣል። ፍላሹን አሁን ፎርማት ብታደርገው ቫይረሱ ይሄዳል፣ የተደበቀው ጽሑፍህም አብሮት ይሄዳል።

ልጅ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

እትዬ፦ መጀመሪያ ላፕቶፑን አጽዳ። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ አለ። ኢንተርኔት ክፈትለትና አፕዴት አድርገው፤ የዓምናውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የዘንድሮው ሊያመልጠው ይችላል። ከዚያ ፉል ስካን በለው። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩል። እሱ ሲያልቅ ፍላሹን ሰክተህ፣ ሳትከፍተው፣ በቀኝ ተጫንና ስካን አድርገው። ቀጥለህ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ በለው።

ልጅ፦ እሱን ሞክሬው ነበር፤ ምንም አልመጣም።

እትዬ፦ አይመጣማ! ቫይረሱ ፋይልህን የዊንዶውስ የራሱ ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቀው። እዚያው ዝቅ ስትል የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚል ምልክት የተደረገበት መስመር አለ፤ ምልክቱን አንሣው። ያስጠነቅቅሃል፣ እሺ በል። ያኔ ፎልደሮችህ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ኮፒ አድርገህ አውጣቸው፤ ሾርትከቶቹን ግን እንዳትነካ። ከዚያ በኋላ ፍላሹን እንደ ልብህ ፎርማት አድርግ። ስትጨርስ የሲስተሙን ምልክት መልሰው። እዚያው ሳለህ ደግሞ ዊንዶውስ የፋይሉን ኤክስቴንሽን እንዳይደብቅብህ አድርግ። ፎቶ ነው ተብሎ የተላከልህ ነገር ጅራቱ ላይ ኢ ኤክስ ኢ የሚል ካየህ ፎቶ አይደለም፤ ስትጫነው ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነው።

ልጅ፦ እሺ።

እትዬ፦ ለመሆኑ ይሄ ጽሑፍ ሌላ ቦታ የለም?

ልጅ፦ አለ እንጂ። ላፕቶፑ ላይ ዲ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የሚጠፋው ሲ ላይ ያለው ነው ሲሉ ሰምቼ።

እትዬ፦ ይሄን ያስለመዷችሁ ጥገና ቤቶች ናቸው፤ ግማሽ እውነት አለው። ዊንዶውስ ሲ ላይ ስለሚጫን፣ ሲን ፎርማት አድርገው እንደገና ሲጭኑት ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥከው ይሄዳል፣ ዲ ይተርፋል። ግን አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሲና ዲ አንድ ዲስክ ናቸው፣ ለሁለት የተከፈለ። ጣሪያው የወደቀ ቤት ሳሎንና ጓዳ አይለይም። ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት።

ልጅ፦ ኤክስተርናል ልግዛ?

እትዬ፦ ቪዲዮና ፎቶ ካለህ ግዛ። ግን ኮፒ አድርገህ ስትጨርስ ንቀለው፣ ተሰክቶ አይዋል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ አምጣ የሚለው ቫይረስ ሲመጣ የተሰካውንም አብሮ ነው የሚቆልፈው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ኤክስተርናልም አያስፈልግህ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ የአንተ ጽሑፍ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ማታ ማታ ስሙ ላይ ቀኑን እየጨመርክ እዚያ ጫነው። አንዱን ፋይል ብቻ እየደረብክ ከላክኸው፣ የተበላሸውም ደህናውን ይደርብበታል። ቴሌግራም ላይ ለራስህ መላክም አንድ ነገር ነው፣ ከምንም ይሻላል።

ልጅ፦ ሌላም ነገር አለ። ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት አንድ የቆየ ሰነድ እኔ ጋ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ቫይረስ ነው እንዴ?

እትዬ፦ አይደለም፣ ፎንት ነው። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳይህ ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ላቲኑ ይወጣል። እዚህ ፍርድ ቤት አካባቢ ዛሬም እንዲህ ያለ ፋይል የሚያመጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ፣ የአሁኖቹ ኤብሪማ አላቸው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ስልክ ላይም ይነበባል፣ ሲፈለግም ይገኛል።

ልጅ፦ የመሥሪያ ቤቱንስ ሰነድ?

እትዬ፦ በምን ፎንት እንደተጻፈ ወርድ ላይ ስሙን እይ፣ ያንን ፎንት ጫን፣ ይነበባል። የሚቀመጥ ሰነድ ከሆነ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ደግሞ ወደ እኔ ቤት ፕሪንት ስትልክ ፒዲኤፍ አድርገው። ወርድ ሌላ ማሽን ላይ ፎንቱን ካጣ መስመሩ ይገፋል፣ የገጽ ቁጥሩ ከማውጫህ ጋር አይገጥምም፣ አማካሪህ ፊት የምታፍረው አንተ ነህ። ሰው ግን ወርዱን ያመጣና እኔን ይቆጣል።

ልጅ፦ መብራት ሲጠፋስ? የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል።

እትዬ፦ እንግዲያው ላፕቶፕ ሳይሆን ዴስክቶፕ ነው የያዝከው። ወርድ በየ10 ደቂቃው የራሱን መጠባበቂያ ይይዛል፤ ወደ 2 ደቂቃ አውርደው። ጣትህ ግን ከኮንትሮል ኤስ አይራቅ። አንድ ፋይል ሴቭ ሳታደርግ ከጠፋብህ ወርድ የፋይል ሜኑ ውስጥ ያልተቀመጡ ሰነዶችን መልስ የሚል አለ፣ መጀመሪያ እዚያ ፈልግ። ስታብላይዘር ገዝቻለሁ ብለህ ደግሞ አትዘናጋ፤ እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት አይሰጥም። የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው፣ እሱም ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀል፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።

ልጅ፦ ሲቀረፍፍስ? እኔ ሪፍሬሽ እለዋለሁ።

እትዬ፦ ሪፍሬሽ ዴስክቶፕ ላይ ያሉትን ምስሎች እንደገና ይሥላል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። እጅ ልማድ ሆኖበት ነው። ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብተህ አጥፋ። ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጠው፤ አየር የሚገባው ከሥሩ ነው፣ ሲሞቅ ራሱን ያዘገማል። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ካለው በኤስኤስዲ ብታስቀይረው አዲስ ላፕቶፕ የገዛህ ይመስልሃል።

ልጅ፦ ከስልኬ ሆትስፖት ስከፍትለት ደግሞ ፓኬጄን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

እትዬ፦ አፕዴት እያወረደ ነው። ዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብራው፤ አብዛኛውን ማውረድ ይተዋል። ለዘለቄታው ግን አፕዴት አትከልክለው፤ ነፃ ዋይፋይ ያገኘህ ቀን ያውርድ።

ልጅ፦ የእኔ ዊንዶውስ 10 ነው።

እትዬ፦ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። መሥራቱን አያቆምም፣ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን እንደ ወትሮው አይደፈንለትም። ላፕቶፕህ ለ11 የሚበቃ ከሆነ አሻሽለው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገር ይጠይቃል፣ ማይክሮሶፍት ራሱ መመርመሪያ አለው። ካልበቃ ጽሑፍህን ጻፍበት፣ የባንክ ነገር ግን ስልክህ ላይ ይሁን። ዊንዶውስ በነፃ አክቲቬት የሚያደርግ የሚሉትን እንዳትጭን፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ዲፌንደሩን አጥፋ ይሉሃል።

ልጅ፦ ያ ያለኝማ አጥፋ ብሎኝ አጥፍቼው ነው የጫንኩት።

እትዬ፦ እንግዲያው ፉል ስካኑ ሳይጀመር ዲፌንደሩን አብራው፣ ያንን ፕሮግራም አውጣው። የኢሜይልህን የይለፍ ቃል ደግሞ ዛሬውኑ ከሌላ ማሽን ላይ ቀይር።