መንገድ ላይ እየጠፋ የሚነሳ ሞተር

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ከብልሽት ሁሉ አብዝቶ የሚማረርበት አንድ አለ። ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል፤ ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ጤነኛ መኪና ተረክቦ ምን ይመርምር? ይገምታል። መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ኮይል፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፕ፤ ካርቡሬተሩም ተፈቶ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ በኋላ መኪናው ቀለበት መንገድ ላይ እንደገና ቀጥ ይላል።

እየመጣ የሚሄድ ብልሽት የሚያዘው በመጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ መኪናው አጠገብ ያሉት እርስዎ ነዎት። ሞተሩ ሲጠፋ አብዛኞቻችን ቁልፉን ደጋግመን እናዞራለን፤ ከተነሳልን እፎይ ብለን እንሄዳለን። ሲነሳ ግን ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለምርመራ ያውሏቸው።

ከምርመራው በፊት ግን ደህንነት ይቀድማል። መኪናው እየሄደ ከጠፋ ሁለቱንም ፍሬቻ ያብሩና ባለው ግፊት ወደ ዳር ያውጡት። ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ የሚተርፈው ኃይል ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው፤ እየለቀቁ ደጋግመው አይርገጡ፣ አንዴ አጥብቀው ይርገጡና ይያዙ። መሪው ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን እንዳይነቅሉ፤ መሪው ይቆለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሞተሩ የጠፋው እንዴት ነው? በቁልፍ እንዳጠፉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ድርግም ካለ፣ በአብዛኛው ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያነሰው፣ ነዳጅ ሲሰጡት እየታነቀ ከጠፋ ግን ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። ይህን ልዩነት በደንብ ያስተዋለ ሹፌር የመካኒኩን ሥራ በግማሽ ቀንሶለታል። የሞተር ዙር መቁጠሪያ ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ምስክርነቱ ይበልጥ ይጠራል። መኪናው በማርሽ ውስጥ ሆኖ እየተንሸራተተ፣ ጎማው ሞተሩን ገና እያዞረው፣ ቀስቱ በቅጽበት ዜሮ ላይ ከወደቀ ከኮይሉ የሚመጣው ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ቀስቱ ከሞተሩ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ዓይንዎን ወደ ቤንዚኑ ያዙሩ።

ቀጥለው ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በቦታው ሳለ የባትሪና የዘይት መብራቶች መብራት አለባቸው። ካልበሩ ኮይልም ካርቡሬተርም ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ተርሚናሎች፣ ፊውዙንና የቁልፉን ማስነሻ ያጣሩ። ያረጀ ማስነሻ ላይ የቤትም የቢሮም የቁም ሳጥንም ቁልፍ አንድ ላይ ተንጠልጥሎ መንገድ ሲያርገፈግፈው ውስጡ ያለው ግንኙነት ይላቀቃል። ሞተሩ በርቶ ሳለ፣ መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉን በእርጋታ ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከጠፋ አገኙት።

መብራቶቹ ከበሩ ኮፈኑን ይክፈቱ። ካርቡሬተር ባለው መኪና ላይ ቤንዚን መኖሩን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያንሱና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እያዩ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅዎ አንድ ጊዜ ይሳቡት። ከትንሿ ቱቦ ቀጭን የቤንዚን ክር ፊጭ ብሎ ከታየ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ። ደረቅ ከሆነ የለም። ደጋግመው አይሳቡ፤ ሞተሩ ይሰምጣል። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብዎ አይቁም።

ክዳኑን በቦታው ይመልሱና ወደ እሳቱ ይሂዱ። አንድ ትርፍ ካንዴላ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ከአንዱ ካንዴላ ላይ ገመዱን ነቅለው ትርፉ ላይ ይሰኩት፤ የካንዴላውን ብረት ከካርቡሬተሩ ራቅ አድርገው ሞተሩ ላይ ያስደግፉት፤ እጅዎን ያንሱና ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልዎ። ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ጤና ነው። ምንም ከሌለ፣ ወይም ቀይና ሰነፍ ከሆነ፣ ሌባው ያለው ከኮይሉ እስከ ዲስትሪቡተሩ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ኮይል በባሕርዩ ሲሞቅ የሚታመም ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ኮይል በቴስተር ለክቶ ‘ደህና ነው’ ማለት ዋጋ የለውም። መለካት ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት፣ ቁልፉ ተዘግቶ፣ ገመዶቹ ተነቅለው ነው። ለምሳሌ የላዳ ኮይል በሁለቱ ትንንሽ ተርሚናሎች መካከል ቀዝቅዞ ሲለካ ከ3 እስከ 3.5 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ሲሞቅ ትንሽ መጨመሩ ያለ ነው። ቁጥሩ ከተሰወረ ግን ኮይሉ ሞቷል።

ብዙ ሰው የማይደርስበት ብልሽት ደግሞ ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ተደብቋል። ፑንቲና ባላቸው አሮጌ ኮሮላዎች ውስጥ ከውጭ ተርሚናል ወደ ፑንቲናው የምትገባ፣ ከጣት የማትረዝም ልል ሽቦ አለች። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ በቫኪዩም እየተሳበ ወዲያ ወዲህ ይዞራል፤ ሽቦዋም በየቀኑ አብራው ትታጠፋለች። ከዓመታት በኋላ የውስጡ መዳብ ክር በክር ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ግን እንደ አዲስ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሚኒሞ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ይሠራል፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ድርግም ይላል። ከሱማሌ ተራ ኮይልም ኮንደንሰርም ቢገዛለት አይድንም። ምርመራው የአንድ ደቂቃ ነው፦ ቁልፉን ዘግተው ክዳኑን ያንሱና ሽቦዋን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሳብ ያድርጓት። የተለጠጠች እንደሆነ ውስጧ ተበጥሷል። እዚያው እያሉ ፑንቲናውንም ይመልከቱት። ጫፉ ተቦርቡሮ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ጉብ ካለ ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። ክፍተቱም ይለካ፤ በላዳ 2101 ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ነው።

ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሰልባትዮው ክዳን መጀመር እወዳለሁ። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ፣ ወይም የጠፋው ክዳን መተንፈሻ በሌለው ተተክቶ ከሆነ፣ ሰልባትዮው ውስጥ የአየር እጥረት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። መኪናው ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን ይክፈቱ። አየር ‘ፍስስ’ እያለ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ምርመራው አለቀ።

ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ቤንዚን በጠፋባቸው ወራት በጀሪካን የቀዳ ሰው ከቤንዚኑ ጋር ዝገትም ውሃም አቧራም ቀድቷል። ቆሻሻው ከታች ተኝቶ ይቆይና በረጅም መንገድ ላይ ፓምፑ አጥብቆ ሲስብ የመሳቢያ ቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ይጠፋል፤ መሳቡ ሲቆም ቆሻሻው ይወድቃል፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል። ይህንን ነው ብዙዎች ‘ሲሞቅ ይጠፋል’ ብለው የሚተረጉሙት። መለያው ቤንዚኑ ከግማሽ ሲያንስ መብዛቱና ከተማ ውስጥ ብዙም አለመታየቱ ነው። መድኃኒቱ ሰልባትዮውን አውርዶ ማጠብ ነው። ፊልተር መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ መዘጋቱ ያለው ከፊልተሩ በፊት ነውና።

በእርግጥም በሙቀት የሚመጣ የቤንዚን ችግር አለ፤ እኛ አገር ደግሞ ከሌላው ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቤንዚንማ ቶሎ ይተናል። የዓባይን በረሃ በሁለተኛ ማርሽ ወጥቶ ደጀን ላይ ለሻይ የቆመ አሮጌ መኪና፣ ኮፈኑ ሥር የታመቀው ሙቀት በፓምፑና በቱቦው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ወደ ትነት ይለውጥበታል። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ ትነት መግፋት አይሆንለትም። ውሃ የነከረ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ ያድርጉ፤ ኮይሉና ዲስትሪቡተሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተነሳ ምክንያቱ ታውቋል። ዘላቂው መፍትሔ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና ፓምፑ ሥር ያለው ሙቀት መከላከያ መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ፓምፕ ሲቀየር እሱን ረስቶ የሚገጥም አለ።

ሞተሩ የሚጠፋው ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ሰርቮ ወይም ቱቦው አየር እያስገባ ነው፤ ይህ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ አያሳድሩት። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ውሃ ሲረጭበት የሚጠፋውን ደግሞ ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስተው ኮፈኑን ይክፈቱ። በተሰነጠቀ የዲስትሪቡተር ክዳን ወይም ባረጀ የካንዴላ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ በዓይንዎ ያዩታል።

ካርቡሬተር የሌላቸው፣ በኢንጀክሽን የሚሠሩ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎችም ሕጉ አይለወጥባቸውም፤ መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ቤንዚን። ነገር ግን ኮምፒውተራቸው ራሱ ይመሰክራል። ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙና ቁልፉ ሲከፈት የሞተሩ መብራት ኮድ ይቆጥራል። 12 የሞተሩን ዙር የሚነግረው ምልክት መቅረቱን፣ 14 ደግሞ የእሳት ማረጋገጫው መቋረጡን ያመለክታል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ወደ ዲስትሪቡተሩና ወደ ገመዶቹ ይመሩዎታል። ባትሪውን ከመንቀልዎ በፊት ኮዱን ያንብቡ፤ ባትሪ ሲነቀል ይሰረዛል።

ያዩትን ሁሉ እዚያው መንገድ ዳር ይጻፉት፦ ድርግም አለ ወይስ ተንገጫገጨ፣ መብራቶቹ በሩ ወይስ አልበሩም፣ ቤንዚን ነበረ፣ እሳት ነበረ፣ ሰልባትዮው ምን ያህል ይዞ ነበር። ጋራዥ ሲገቡ ‘አንዳንዴ ይጠፋል’ ብለው ቁልፉን አያስረክቡ፤ ወረቀቱን ለመካኒኩ ያንብቡለት። ዕቃ ይቀየር ካለም አሮጌው ዕቃ ሞቆ ሳለ ተለክቶ መበላሸቱ እንዲታይ በትሕትና ይጠይቁ፤ ሳይታይ ለሚቀየር ዕቃ ገንዘብ አይክፈሉ።