በግድብ ውሃ ስለሚከማች መርዝና ስለ ነጋዴው ድርሻ

ከጊንጪ ገበያ ተገዝቶ ወደ ሞጆ የሚላክ የበሬ ቆዳና ከጊንጪ ደጋ የሚመነጨው የአዋሽ ውሃ በየመንገዳቸው ሄደው በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ውሃው የበቾን ሜዳ አቋርጦ፥ በመልካ ቁንጥሬ ወርዶ ወደ ቆቃ ግድብ ይገባል። ቆዳው በፋብሪካ የለፋበት እጣቢም በሞጆ ወንዝ በኩል ወደዚያው ወደ ቆቃ ይወርዳል። ስለዚህ የምዕራብ ሸዋ ነጋዴ ስለ ግድብ ውሃ መበከል ሲወራ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታየው አይገባም።

ወራጅ ውሃ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል፤ የተገደበ ውሃ ግን ይረጋል። በረጋም ጊዜ የተሸከመው ደለል ከነመርዙ ወደ ታች ይዘቅጣል። ደምና ገለባን የመሰለው ቆሻሻ በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። የማይበሰብሱት ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ማዕድን ነው፤ ይኸውም ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለው ክሮምየም፥ በአሮጌ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስና ባዜቃ የሚባለው ሜርኩሪ ነው። ሁለተኛው እንደ ዲዲቲ ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒትና በአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመግታት በ1993 ዓ. ም. በስቶክሆልም ከተማ የዓለም መንግሥታት ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች።

የዲዲቲና የመሰሎቹ ክፋት በስብ ውስጥ መከማቸታቸው ነው። በውሃው ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም፥ ከዋቅላሚ ወደ ትንሽ ዓሣ፥ ከትንሽ ዓሣ ወደ አምባዛ ሲተላለፍ እየበዛ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሰው ገበታ ይደርሳል። ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ማዕድንን አያጠፋም። በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የፈሰሰው ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሕዝቡን መጉዳቱ የታወቀው በ1948 ዓ. ም. ነበር፤ ፋብሪካው ግን አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ሲያፈስ ኖሯል።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ. ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲሠራ፥ ውሃው ለዓሣ አጥማጁ፥ ለመስኖ ገበሬውና በዳሩ ለሚኖረው ሕዝብ መተዳደሪያ ሆነ። የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች እጣቢም በአቃቂ ወንዝና በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፎ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አምቦስ? የሁሉቃና የጉደር ውሃ የሚወርደው ወደ ዓባይ ነው፤ በዓባይም ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አለ። እንግዲህ ከአገሩ ደጋ በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ የሚወርደው ውሃ መጨረሻው ግድብ ነው።

ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የንግድም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ዓ. ም. ጀምሮ ገላን በሚነካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ ያለው ስድስተኛ ደረጃ ክሮምየም በኪሎ ከ3 ሚሊግራም እንዳይደርስ ደንግጓል። ይህ ክሮምየም ከሌላው ይልቅ መርዛም የሆነው ዓይነት ነው። በአገራችንም ያለ ልክ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ከ1 ሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት፥ በ1990ዎቹ ዓመታት ተሰብስቦ ለመቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ ተጭኗል። ያልተሸጠ መድኃኒት ኪሳራው በዋጋው ብቻ አያበቃም ማለት ነው።

ሕጉም ዝም አላለም፤ በ1995 ዓ. ም. የአካባቢ ብክለት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 300፥ በ2002 ዓ. ም. ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥተዋል። ከሕጉም በላይ ነጋዴው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች እነሆ፤

1ኛ/ አስመጪው ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ አያዝዝ፤ የተመዘገበውንም ለአንድ ወቅት ከሚበቃው በላይ አያከማች።

2ኛ/ ባለ ሱቁ መድኃኒቱን በውሃ ጠርሙስ እየቀነሰ አይሽጥ፤ ከእህልና ከጨው ጋር በአንድ ግምጃ ቤት አያኑር፤ ባዶውን ጀሪካን ለውሃ መቅጃ አይሽጥ፤ በወንዝም አያሳጥብ።

3ኛ/ ቆዳና ሌጦ ነጋዴው ሸቀጡን ሳይበላሽ ቶሎ ያድርስ፤ ለፋብሪካ ሲሸጥም እጣቢውን የሚያጣራ መሆኑን ይጠይቅ። ገዢ የሚጠይቀውን ነገር ሻጭ ሊንቀው አይችልም።

4ኛ/ ባለ ጋራዡና የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው አሮጌ ባትሪንና የተቃጠለ ዘይትን በቦይ አይድፉ፤ ለይተው ያጠራቅሙ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ በግድብ ሥር የዘቀጠ መርዝም እንዲሁ ነው። ከደለሉ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሲሆን፥ ከመደብሩ ደጅ ለማስቀረት ግን ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል። ለነጋዴ የሚቀለው የትኛው እንደ ሆነ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።