የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ማንበብ እንማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለሚያዝያ 23 የሰማዕቱ በዓል ቤተ ክርስቲያኑን ስናጸዳ፣ በዕጣን ጢስ የጠቆረውን የቆየ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ ወለወልነው። ከጥላሸቱ ጋር ቀለሙም ለቀቀ፤ ዛፍ ላይ ያለችው የብሩታዊት አንድ እጅ ጠፋ። ከመካከላችንም «ድሮም ሠዓሊው አይችልም፤ በታተመ ሥዕል ይተካ» ያልን ነበርን። መሪጌታችን ግን አዝነው «ልጆቼ፣ ያጠባችሁት እኮ መጽሐፍ ነው» አሉን። ከዚያም አስቀምጠው ያስተማሩንን እነሆ ለእናንተ እናካፍላለን።

1ኛ/ ዓይን። በቆየው የአገራችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ማን ከማን ወገን እንደሆነ በዚህ ይለያል። ሰማዕቱ ዘንዶውን እየወጋ ፊቱን ወደ እኛ ማዞሩ የሠዓሊው ስሕተት አይደለም።

2ኛ/ እግር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የባዕድ አገር ሰው ነው። በብዙ የቆዩ ሥዕሎች ግን እንደ አገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ፣ እርካቡን በአውራ ጣቱ ይዞ ይታያል። ሠዓሊው ሰማዕቱን ጎረቤታችን አድርጎታል።

3ኛ/ ብሩታዊት። የቤሩት ሰዎች ለዘንዶ የገበሯት ልጅ ናት። ሁሉ የተዋትን እርሱ ደረሰላት። እኛስ ሰው ለተወው ወገናችን እንደርሳለን?

ይሁን እንጂ ሰማዕት ያሰኘው ዘንዶ መግደሉ አይደለም። ገድሉ እንደሚነግረን በንጉሥ ዱድያኖስ ፊት ሃይማኖቱን አልክድም ብሎ መከራ በመቀበሉ ነው። ጦርና ፈረስ የሌለን እኛም በዚህ ልንከተለው እንችላለን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንጠንቀቅ። ብዙዎቹ የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ ናቸው፤ ውኃ ቀለማቸውን ያነሣል። ስለዚህ በውኃ አንጥረጋቸው፤ ጧፍ አናስጠጋባቸው፤ ሚስማር አንምታባቸው፤ በአዲስ ቀለምም አንደርባቸው። ጉዳት ስናይ ለአባቶች እንንገር፤ ባለሙያ ይጠራ።

የብሩታዊት እጅ ከእንግዲህ አይመለስም። ሥዕሉ ግን በቦታው አለ፤ የታተመ እንዲገዛ ያዋጣነውንም ገንዘብ ለጥበቃው እንዲውል ተስማምተናል። በየእሑዱ ከትምህርት በኋላ አዳዲስ አባላትን ወደዚያ እየወሰድን፣ የጠፋውን ቦታ ሳንደብቅ፣ ንባቡን እናስተምራለን።

የሰማዕቱ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።