በተፈጨ ቅመም ውስጥ ምን ተደባልቋል?

በርበሬ፣ ሚጥሚጣና መከለሻ ቀደም ሲል በየቤቱ የሚሰናዱ ነበሩ። ዛሬ፣ በተለይ በከተሞች፣ ብዙ ቤተሰቦች ተፈጭተው የተዘጋጁትን ይገዛሉ፤ በኩብ መልክ የታሸጉ የወጥ ማጣፈጫዎችም ወደ ማድቤት ገብተዋል። ያልተፈጨን ቅመም ዓይንና አፍንጫ ይመረምሩታል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን በውስጡ የተደባለቀውን መለየት አዳጋች ነው። በዚህ ጽሑፍ በቤት ማዘጋጀት ከየትኛው ጉዳት እንደሚያድነን፣ ከየትኛውስ ብቻውን እንደማያድነን እንመለከታለን።

ባዕድ ነገርና ቀለም

አንዳንድ ጊዜ ክብደት ለመጨመር የሸክላ ጡብ ዱቄት፣ መልክ ለማሳመር ደግሞ ሱዳን 1 የተባለ ቀይ ቀለም ከተፈጨ በርበሬ ጋር ይደባለቃል። ሱዳን 1 ዘይት፣ ሰምና የጫማ ቀለም ለማቅለም የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ውህድ ሲሆን፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዕጢ ማስከተሉ ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 እ.ኤ.አ. ከውጭ የሚገባ በርበሬ ከዚህ ቀለም ነፃ መሆኑ እንዲረጋገጥ አዘዘ። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ በዚሁ ቀለም የተበከለ በርበሬ ወደ አንድ ማባያ በመግባቱ፣ ማባያው የተጨመረባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ምግቦች ከገበያ ተሰብስበዋል።

የጡብ ዱቄትን መጠርጠር ቀላል ነው። አንድ ማንኪያ በርበሬ በብርጭቆ ውሃ ሲበጠበጥ ከባዱ የጡብ ደቃቅ ቶሎ ይዘቅጣል፤ በጣት ሲታሽም ይሻክራል። ሱዳን 1ን ግን የውሃው ሙከራ አያጋልጠውም፤ ቀለሙ በውሃ አይሟሟምና። በዘይት መሞከርም አያዋጣም፤ የበርበሬው የተፈጥሮ ቀለም ራሱ በዘይት ይሟሟል። ስለዚህ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኩቡና ጨው

በማጣፈጫ ኩቦች ውስጥ ያለው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ብዙ ጊዜ እንደ መርዝ ይወራበታል። ይህን ጣዕም በ1908 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ ግሉታሜት በቲማቲምና በቆየ አይብ ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል። ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። 10 ግራም የሚመዝን ኩብ ግማሹ ጨው ቢሆን፣ አንዱ ኩብ ብቻ 5 ግራም ጨው ወደ ድስቱ ያስገባል። ባለቤቲቱም ይህን ሳታስተውል ጨው ትደግማለች። የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በቤት ውስጥ የሚፈጠረው አደጋ

በቤት የተዘጋጀ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እርጥበት ባልለቀቀው በርበሬ ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ሊበቅልና አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ መኖ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። ሙቀትን ስለሚቋቋምም በማመስ ወይም በማብሰል አይጠፋም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1. የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የነቀዘ ዛላ ለቅሞ መጣል።

2. የተቀነጠሰውን በርበሬ ከመሬት ከፍ ባለ ንጹሕ ነገር ላይ አስጥቶ፣ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ማድረቅ፤ ማታ ማታም ጤዛ እንዳይነካው ማስገባት።

3. በርበሬው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ከተደለዘ በኋላ እንደገና እርጥበት ስለሚይዝ፣ በስሱ አስጥቶ ፈጥኖ ማድረቅ።

4. ጨውን ከቅመሙ ጋር አለማስፈጨት፤ ወጡ ላይ ለክቶ መጨመር።

ኩቡን ለመተካት ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ነጭ አዝሙድ በመጠኑ ታምሰው የሚፈጩበት፣ ጨው የሌለበት መከለሻ ይበቃል። የእነዚህ ቅመሞች መዓዛ ከሚተኑ ዘይቶች የሚመነጭ በመሆኑ ከተፈጩ በኋላ ቶሎ ይደክማል። ስለሆነም በትንሽ በትንሹ መፍጨት፣ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ከድኖ ከብርሃን ማራቅ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም መነስነስ ይገባል።