የመንግሥት ደን ጠባቂው ማነው?

ደን የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። አንዷ ማገዶ ትለቅምበታለች። ሌላው ከብቱን ያሰማራበታል። ነጋዴው ግንድ ይፈልግበታል። መንገደኛም ያልፍበታል። ታዲያ ደኑ ሲያልቅ ተጠያቂው ማነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እኔ ምን አገባኝ፤ የመንግሥት ነው» የሚል ነው። በዚህ ትምህርት የአዳባና የዶዶላ ገበሬዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት እንመለከታለን።

አዳባና ዶዶላ በኦሮሚያ፣ በባሌ ተራሮች ሥር ይገኛሉ። በተራራው ላይ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ይበቅላል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ትልልቅ ደኖችም በመንግሥት እጅ ሆኑ። ነገር ግን ጥቂት የደን ዘበኞች ያን ሁሉ ተራራ መጠበቅ አልቻሉም። ዘበኛው በአንድ በኩል ሲሄድ መጥረቢያው በሌላ በኩል ይሰማ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አሠራር ተጀመረ። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅትም በሥራው ረዳ። በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በኦሮምኛ ስሙ ባጭሩ «ዋጂብ» ይባላል፤ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ አይበልጥም ነበር። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ደን ታሰበ። 30 በ12 ሲባዛ 360 ሄክታር ይሆናል። ይህም የሆነው የሚቆረጠው እንጨት ከሚበቅለው እንዳይበልጥ ነው።

ማኅበሩና መንግሥት ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት፦

1. አባላት በደኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከብት ያሰማራሉ፤ በልክ እንጨት ይጠቀማሉ፤ ይሸጣሉም።
2. ደኑ ውሉ ሲፈረም ከነበረበት መጠን እንዳይቀንስ ይጠብቃሉ።
3. ለመንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጥበቃውም ለ30 አባወራ ሲከፋፈል ቀለለ። ሌባ ሲገባ «ምን አገባኝ» የሚል ጠፋ። ደኑ ከጎደለ ተጠያቂው ራሱ ማኅበሩ ነዋ!

በዚያው ተራራ ለአገር ጎብኚዎች የፈረስ መንገድ ተከፈተ። ጎብኚው ለፈረስ፣ ለመሪና ለማደሪያ ይከፍላል። የሚመጣው ግን ደኑን ለማየት ነው። ዛፉ ካለቀ መንገዱን የሚፈልግ አይኖርም።

መንገድ ሲከፈት ኃላፊነትም አብሮ ይመጣል። በመንገድ ላይ ተቆርጦ የተተወ ግንድ ፈረስ ያደናቅፋል። ሰው ከተሰበረ በኋላ «ግንዱን ማን ያንሳው ነበር?» እያሉ መጣላት ምን ይጠቅማል? በየትኛውም የጋራ መንገድ መንገዱን የሚጠርገው፣ አደገኛውን ቦታ የሚያመለክተው፣ እንጨት ሲቆረጥ መንገደኛውን የሚያስቆመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነጋግሮ መጻፍ ይሻላል።

ችግርም አልጠፋም። ከ30ው ውጪ የቀረው ጎረቤትስ እንጨት ከየት ያምጣ? ማኅበር በሌለበት ቦታ የደኑ መመናመን አልቆመም። ስለዚህ ድንበር ከመከለሉ በፊት በደኑ የሚጠቀሙ ሁሉ፣ ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶችም ጭምር፣ መጠራትና መሰማት አለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እናስተውል። ይህ ሁሉ የቆመው በውል ላይ ነው። ውል ደግሞ ጽሑፍ ነው። ውሉን ያላነበበ ሰው መብቱንም ግዴታውንም ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል። አንብቦ የፈረመ ግን ምን እንደሚቆርጥና ምን እንደሚተው፣ በምን እንደሚጠየቅም ያውቃል።

ጥያቄዎች

1. አንድ ማኅበር 25 አባወራ ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ 12 ሄክታር ቢታሰብ ስንት ሄክታር ይሆናል?
2. በቀበሌያችሁ ባለው የጋራ ደን ወይም ግጦሽ የሚጠቀሙት እነማን ናቸው?
3. በጋራ መንገዳችሁ ላይ ዛፍ ቢወድቅ የሚያነሳው ማነው? ተወያዩበት።