ድርሰትን ስለ መጀመርና ስለ መፈጸም

ጽሕፈት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሌላ ሰው የጻፈውን አይቶ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ሰው ከልቡ አስቦ የራሱን ነገር መጻፍ ነው፤ ይህም ድርሰት ይባላል። የሚገለብጥ ተማሪ አብነቱን በፊቱ ተዘርግቶ ስለሚያየው፥ ፊደሉን ከፊደል ቃሉንም ከቃል እያስተያየ ይሄዳል፤ ቢስትም ስሕተቱን ወዲያው ያገኘዋል። ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ግን በፊቱ ያለው ባዶ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በመገልበጥ ጐበዝ የነበረ ልጅ ድርሰት በታዘዘ ጊዜ እጁ እንደ ታሰረ ሆኖ ይቀመጣል።

እንዲህ ያለው ልጅ የሚያደርገው የታወቀ ነው። አንድ መስመር ይጽፋል፤ ያነበዋል፤ ደስ አያሰኘውም፤ ይሰርዘዋል። ሁለተኛ ይጽፋል፤ ይህም እንደ ፊተኛው ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉን ከደብተሩ ገንጥሎ ይጥለዋል። ባልንጀሮቹ ሁለት ሦስት ገጽ ጽፈው ሲያስረክቡ እርሱ ባዶ እጁን ይቀራል። ምክንያቱን ሲጠይቁትም «ጥሩ አልሆነልኝም» ይላል። ብዙ ሰዎች ይህን ልጅ ትጉህ ነው ይሉታል፤ ጥቂት ጽፎ ካስረከበውም ልጅ ይልቅ ያመሰግኑታል። ነገሩን ጠልቆ ለተመለከተው ግን ይህ ፍርሃት ነው እንጂ ትጋት አይደለም። ትጉህ ሰው ሥራውን ይሠራል፤ ይህ ልጅ ግን ሥራው ገና ሳይወለድ ይፈርድበታል።

ለፍርሃቱም ምክንያት አለው። የራሱን የመጀመሪያ መስመር የሚያስተያየው ታትሞ ከተጠረዘ መጽሐፍ ጋራ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ስንት ጊዜ እንደ ሰረዘ፥ ስንት ጊዜም ቃል እንደ ለወጠ በታተመው ገጽ ላይ አይታይም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱን አስምታ መጀመሪያ የምታወጣት እንጀራ ማሟሻ ትባላለች። ማሟሻ ብዙ ጊዜ ዓይን አታወጣም፤ አንዳንድ ጊዜም ከምጣዱ ላይ ተቀዳ ትቀራለች። ሴቲቱ ግን በዚህ ምክንያት ሊጡን አትደፋም፥ ምጣዱንም አትሰብርም፤ ሁለተኛውን ትጋግራለች። ወደ መሶቡ የሚቀርብ እንግዳ ዓይናማውን እንጀራ ብቻ ስለሚያይ ማሟሻ እንደ ነበረች አያስብም። መጽሐፍ የሚያነብ ልጅም እንደዚሁ እንግዳ ነው፤ የደራሲውን ማሟሻ አላየም።

ከዚህ ልማድ የሚመጣው ጉዳት የደብተር ማለቅ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ነበረ። መምህሩ ተማሪዎቹን በየቤታቸው ካሉ ሽማግሌዎች የሰሙትን ታሪክ ጽፈው እንዲያመጡ አዘዛቸው። የልጁ አያት በክፉ ቀን ዘመን ሕፃን ነበሩ። ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ታላቅ ረኃብ ነው፤ የከብት በሽታ በሬዎችን ስለ ፈጀ እርሻው ጾሙን አደረ፤ ዝናምም ታጐለ፥ አንበጣም መጣ፤ ብዙ ሰውም አገሩን እየተወ ተሰደደ። አያቲቱ በየማታው ከእሳቱ አጠገብ ጥጥ እየፈተሉ ይህን ነገር ለልጁ ይተርኩለት ነበር። ቤታቸውን ዘግተው እንዴት እንደ ወጡ፥ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳደሩ፥ አንዲት የማያውቋት ሴት አንድ እፍኝ ቆሎ እንዴት እንደ ሰጠቻቸው፥ ታናሽ ወንድማቸውም በመንገድ ሞቶ የት እንደ ተቀበረ ሁሉንም በየስሙ ይናገሩ ነበር።

ልጁ ይህን የመሰለ ታላቅ ነገር በተራ ቃል ሊጻፍ አይገባም ብሎ አሰበ። «በቀድሞ ዘመን» ብሎ ጀመረና ሰረዘው። «የክፉ ቀን ታሪክ እጅግ የሚያሳዝን ነው» ብሎ ጻፈና ይህንም ሰረዘው። አንድ ማታ አያቲቱ «ጻፍኸው ወይ፥ ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ገና ነኝ፥ እማማ፤ መጀመሪያው አላማረልኝም» አላቸው።

«ምን ማማር አለው? እኔ እንደ ነገርሁህ አድርገህ ጻፈው እንጂ» አሉት።

እርሱ ግን ነገ እያለ አሳለፈው። የመኸሩ እህል ተሰበሰበ፤ ብርዱም ገባ። አያቲቱ ታመው በስምንተኛው ቀን ዐረፉ። ኀዘኑ ጥቂት ካለፈ በኋላ ልጁ ወረቀት ዘርግቶ ተቀመጠ። የነገሩ መንገድ ትዝ አለው፤ ቆሎ የሰጠችውም ሴት ትዝ አለችው። ነገር ግን የወንዙ ስም ጠፋበት፤ በመንገድ የቀረውም ሕፃን ስሙ ማን እንደ ነበረ ጠፋበት። ወደ አባቱ ሄዶ ቢጠይቀው «እኔም በልጅነቴ ስሰማው ነበር፤ ልብ ብዬ አልያዝሁትም» አለው። የዚያን ሕፃን ስም በምድር ላይ ታውቅ የነበረች አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረች። በተንጋደደ ፊደልና በተሰባበረ ቃል «የአያቴ ወንድም እገሌ ይባላል፥ እገሌ በተባለ ወንዝ አጠገብ ተቀበረ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ በተገኘ ነበር።

በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ፍርሃት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ መድኃኒቱንም በሥርዓታቸው ውስጥ አኑረውታል። በዋድላም ቢሆን፥ በጎንጅም ቢሆን፥ በዋሸራም ቢሆን የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ይህም ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ፥ ስምንት ቤትም ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ከጀማሪው ጥልቅ ምሥጢር አይፈለግበትም፤ አስቀድሞ ቤቱን እንዲመታና ዜማውን እንዲጠብቅ ነው የሚፈለገው። ምሥጢሩ ከብዙ ቀን ልምድ በኋላ ይመጣል። መወድስን በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቅ መምህር የለም፤ ራሳቸውን በመጀመሪያው ቀን መወድስ የሚጠይቁ ተማሪዎች ግን ብዙ ናቸው።

ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከሰው ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄድና ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያም ተመልሶ በመምህሩ ፊት ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይናገራል። የሳተውን መምህሩ ያርመዋል። ቅኔውን በቃሉ ይዞ ስለሚመጣ እንደ ዛሬ ተማሪ ገንጥሎ የሚጥለው ወረቀት እንኳ የለውም። አላማረልኝም ብሎ ከጫካ ቢቀር የሚያርመው አያገኝም። ሳያምርለትም ቢሆን ይዞ የቀረበ ግን አንድ እርማት ተቀብሎ ይመለሳል፤ በማግሥቱም ሌላ ቅኔ ይቆጥራል። ከእነዚህ ሁሉ ቅኔዎች አብዛኞቹን ኋላ የሚያስታውሳቸው ሰው የለም፤ ተማሪው ግን በእነርሱ ተምሮ ባለቅኔ ይሆናል።

ደግሞም በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚቀርብ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ የራስ ተደርጎ አይደገምም። ስለዚህ ባለቅኔው ተራው በደረሰ ጊዜ ያለውን ይዞ ይቆማል። ጥቂት ላሻሽለው ቢል ማኅሌቱ አይጠብቀውም፤ ተናግሮም ከጨረሰ በኋላ ቅኔው ከእጁ ወጥቶ የሰሚዎች ይሆናል። ሥራን በሰዓቱ ከእጅ ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ከቤት መምታትም አያንስም።

በብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊም ሊታይ ይገባዋል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለ ሆነ ከወረቀት ይልቅ ውድ ነው፤ ለአንድ መጽሐፍም የብዙ እንስሳት ቆዳ ያስፈልጋል፤ እርሱንም ወጥሮ፥ ፍቆና አለስልሶ ለማሰናዳት ብዙ ድካም አለው። ጸሐፊው አንድ ቃል በሳተ ጊዜ ቆዳውን የሚጥል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ አንድ የተፈጸመ የብራና መጽሐፍ ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ ከብርዑና ከቀለሙ ቀንድ ጋራ ስለት በአጠገቡ ያኖራል፤ የሳተውን ፍቆ በቦታው ይጽፋል። የዘለለውን ቃል ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያገባዋል፤ ወይም በኅዳጉ ላይ ይጽፈዋል። በየገዳማቱ የሚገኙ የከበሩ መጻሕፍት ተገልጠው ቢታዩ እንዲህ ያለ እርማት ይገኝባቸዋል። አንባቢም በዚህ አይነቅፋቸውም።

ይህ ፍርሃት የልጆች ብቻ አይደለም፤ ታላላቆችንም ይዟል። ቪርጊል የሮም ባለቅኔ ነበረ። የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት ነው። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ የጥንት ሰዎች እንደሚናገሩት፥ ስለ እርሻ ሥራ ግጥም በሚገጥምበት ጊዜ በጠዋት ብዙ ስንኝ ያስጽፍ ነበር፤ ቀኑንም ሙሉ እያረመ እያሳጠረ ወደ ጥቂት ያወርደው ነበር። ድብ ግልገሏን እየላሰች መልክ እንደምታወጣለት እኔም ግጥሜን እንዲሁ አደርጋለሁ ይል ነበር ይባላል። ድብ በኢትዮጵያ ዱር የማይገኝ አውሬ ነው፤ ግልገሉም መልክ ሳይኖረው ይወለዳል ማለት የጥንት ሰዎች ስሕተት ነው። ዳሩ ግን ባለቅኔው የሠራበት መንገድ መልካም ነበረ፤ የሚላስ ግልገል አስቀድሞ መወለድ አለበትና።

በኋላ ግን ይኸው ሰው ለፍጹምነት ያለው ምኞት አሸነፈው። ኤኔይዳ የተባለውን ታላቅ ግጥሙን 11 ዓመት ያህል ሠራ፤ ሦስት ዓመት ጨምሮም ሊያርመው አሰበ። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ከግሪክ ወደ ኢጣልያ ሲመለስ ታሞ ሞተ። በሞቱም አልጋ ላይ ሳለ አልተፈጸመምና አቃጥለዋለሁ ብሎ መጽሐፉን አምጡልኝ እያለ ለመነ። የሰማውም የለም። አውግስጦስ ቄሣርም ሳይቃጠል ለሰው እንዲወጣ አዘዘ። በግጥሙ ውስጥ ግማሽ ሆነው የቀሩ ስንኞች ዛሬም ድረስ ግማሽ እንደ ሆኑ ይነበባሉ። ከ2,000 ዓመት በላይ የሮማይስጥ ቋንቋ ተማሪዎች ሲማሩት ኖሩ፤ ስለ ግማሾቹ ስንኞች ብሎ መጽሐፉን የጣለ አልተገኘም። ስለ ራሱ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ ፍርድ የፈረደ ደራሲው ራሱ ነበረ።

ይህን የሰማ ሰነፍ ተማሪ ደስ ይለው ይሆናል፤ እንግዲህ እንደ መጣልኝ ልጻፍና ልስጥ ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቪርጊል በጠዋት ካስጻፈው ውስጥ ማታ የቀረው ጥቂት ነበረ፤ የቅኔ መምህርም የተሳተ ቤት ሰምቶ ዝም አይልም። የሚተወው ማረም ሳይሆን፥ ከመጻፍ በፊት ለማረም መሞከር ነው። ያልተጻፈ ነገር አይታረምም።

ስለዚህ ድርሰት የታዘዘ ተማሪ ሥራውን በሁለት ጊዜ ቢከፍለው ይሻለዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ያየውን፥ የሰማውንና ያሰበውን በአፉ ለባልንጀራው እንደሚናገር አድርጎ ይጻፍ። በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ቦታ ይተው፤ እርማት የሚገባው በዚያ ነውና። መጀመሪያው ካልመጣለት ከመካከል ይጀምር፤ ስለ ወንዙ የሚያውቅ ስለ ወንዙ፥ ስለ ቆሎው የሚያውቅ ስለ ቆሎው ይጻፍ፤ መግቢያው ኋላ ይፈለጋል። ትክክለኛው ቃል ከጠፋበት ቦታውን ክፍት ትቶ ይለፍ። እስኪፈጽምም ድረስ ምንም አይሰርዝ።

ከዚህ በኋላ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ጨዋታው ወይም ወደ ሥራው ይሂድ። በማግሥቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ዓይን ያላየውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል። ትርፍ የሆነውን ይሰርዝ፥ የጐደለውን ከመስመሩ በላይ ያግባ፥ ክፍት የተወውንም ይሙላ። ቢቻለው ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ያንብብላቸው፤ ያልገባቸውንም ቦታ ያስተካክል። በንጹሕ ወረቀት ከገለበጠው በኋላ ግን እንደ ገና አይገልብጠው። በግርጌው ቀኑን ጽፎ በታዘዘበት ሰዓት ለመምህሩ ይስጠው። የተሰረዘበትንም የመጀመሪያውን ወረቀት አይቅደደው፤ በደብተሩ መጨረሻ ያኑረው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ታናሽ ወንድሙ ድርሰት ሲታዘዝና ሲፈራ አውጥቶ ያሳየዋል።